የግራው ውሃ

ሰኞ ሰኞ የኮምቦልቻ ሰው ጀርባውን ያሳያል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በልኬት ጣቢያው በር ላይ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ይገባል፣ ሸሚዙን ያወልቃል፣ ወንበሩ ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ተቀምጦ መደገፊያውን ያቅፋል። ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይፈስለታል። ከዚያ መዳሰሻው ከግራ ብብቱ ሥር ይጀምራል። የማሽኑ ድምፅ "ትንፋሽዎን ይያዙ" ሲለው ይይዛል፤ "ይልቀቁ" ሲለው ይለቃል። ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር ከመቶ በታች ከሆነ ሰውየው ደረቅ ነው፤ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ቢጫ ይባላል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ይታያል። ከሦስት መቶ ካለፈ ርጥብ ነው። ርጥብ ሰው ወደ ጎን ክፍሉ ይገባና የስምንት ሰዓቷን መኪና ይጠብቃል። መኪናዋ ሽቅብ ደሴ ወዳለው መቅጃ ቤት ትወስደዋለች፤ እዚያ ሳንባው ዙሪያ የተጠራቀመው ውሃ በጎድን አጥንቶቹ መሃል በሚገባ መርፌ ይወጣል። ከተማው ለዚህ ሁሉ ያለው ቃል አንድ ነው። "እገሌ ተቀዳ" ይላል፣ ያልፋል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አራት ነው። በዚህ ጉዳይ የሚከራከር ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ትርንጎ የመዳሰሻ ያዥ ናት። ዘጠኝ ዓመት ይዛለች። ድምፁ "ወደ ታች" ሲል ትወርዳለች፤ "ጥቂት ያዘንብሉ" ሲል ታዘነብላለች። ድሮ ሥዕልም ይታይ ነበር ይባላል፤ ሰው እያየው ስለተከራከረበት ተነሣና ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ከዚህ ሥራ ያተረፈችው ነገር ቢኖር የከተማውን ሰው በጀርባው ማወቅ ነው። ገበያ ላይ አንድ ሰው ሰላም ሲላት ፊቱ ግራ ያጋባታል፤ "ማን ነበር ይሄ?" ትላለች። ሰውየው ተሰናብቶ ዞር ሲል፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ያለውን ጠባሳ ሸሚዙን አልፋ የምታየው ይመስል፣ "አሃ፣ የወፍጮ ቤቱ!" ትላለች።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ አብሽ የሚባል ነገር መጥቷል። አንድ ግንበኛ ሦስት ሰኞ በተከታታይ ቢጫ ሆኖ ሰነበተ። በአራተኛው ሰኞ እህቱ ቤት አድሮ፣ በማር የተመታ አብሽ ጠጥቶ መጣና ደረቅ ሆነ። ይኸው ነው ታሪኩ። በወሩ ከጣቢያው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ጆግ የያዙ ሴቶች ተደረደሩ። "ሳንባን ይለብጠዋል፣ ውሃ አያስይዝም" ተባለ። ሰው ከመለካቱ በፊት ይጠጣል፤ ርጥብ የተባለም መኪናዋን ሲጠብቅ "ለመርፌው ይለሰልስልሃል" እየተባለ በመስኮት ይቀበላል። ማሽኑ ምን እንደጠጣ አይጠይቅም፤ ሰውም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ትርንጎም ታምንበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ይማምን መንገድ ላይ አግኝታ፣ ደረጃ ሲወጡ ቆም ቆም ማለታቸውን አይታ፣ "ሰኞ ሲመጡ አብሽ ጠጥተው ይምጡ፣ በደንብ አድርገው" ያለቻቸው እሷ ናት።

ጋሼ ይማም የባቡር አጃቢ ናቸው። ባቡሩ ራሱን ይነዳል፤ ሕጉ ግን በእያንዳንዱ የጭነት ባቡር ላይ አንድ ሰው ይኑር ይላል። በሐሙሱ ባቡር ላይ ያ አንድ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሳቸው ነበሩ። በመጪው ዓመት ሕጉ ይሻራል። የተቀዳ ሰው ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ባቡር ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጋሼ ይማም አንዴ ከተቀዱ ባቡሩን ዳግመኛ አይሳፈሩትም ማለት ነው። ይህን ትርንጎም ታውቃለች።

"እንዴት አደሩ ጋሼ?"

"አልሐምዱሊላህ። ኧረ እጅሽ ዛሬም በረዶ ነው።"

"እጄ አይደለም፣ ቅባቱ ነው።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅባቱ ነው ትይኛለሽ።"

"ጠጥተዋል?"

"አንቺ እያልሽኝ! ሁለት ጆግ ነው የገለበጥኩት። ስራመድ ሆዴ ይንቦጫቦጫል።"

ሳቀች። መዳሰሻውን ከግራ ብብታቸው ሥር አሳረፈች። ጀርባቸው ከባለፈው ወር ይልቅ ቀጥኗል፤ አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ድምፁ ወደ ታች አላት፣ ወረደች።

"ግራ፣ ስድስት መቶ አርባ። ርጥብ። ልኬቱ ተጠናቋል።"

አንዱ ጎን ከሦስት መቶ ካለፈ ማሽኑ ሌላውን አይነካም፤ ወረፋው እንዳይጓተት። ጋሼ ይማም መደገፊያውን እንዳቀፉ ቀሩ።

"ግራ አለ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ግራዬ ምን አደረገና? ግራዬ እኮ…" አሉና ዋጡት። ሸሚዛቸውን ሲለብሱ አንድ ቁልፍ ዘለሉ። ትርንጎ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ወደ ጎን ክፍሉ ገብተው ነበር። አንድ ሰዓት ከሠላሳ ነበር። የዚያን ቀን ከሳቸው በቀር ርጥብ አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብየዳ ሠሪው ባህሩ መጣ። ከአርባ ቀን በፊት ርጥብ ተብሎ ወደ ደሴ የሄደ ሰው ነው፤ ሲመለስ ይኼ የመጀመሪያ ሰኞው ነው። ሱሪው በገመድ ታስሯል።

"ባህሩ፣ መጣህ እንዴ?" አለው ከኋላው የተሰለፈ ሰው።

"ግማሼ ነው የመጣው። የቀረውን ደሴ አስቀርተውታል።"

"ምነው፣ አብሽ ሳትጠጣ ነው የሄድከው?"

"ወዲያ፣ አብሽ አታንሳብኝ! መኪናው ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ እዚያ ስደርስ ደግሞ አንድ። ታዲያ መርፌው ገብቶ የወጣውን ብታየው፣ ቢጫ፣ ወፍራም፣ አረፋ ያለው። ሽታው ወላሂ አብሽ ነው! 'ይሄማ የዘሃራ አብሽ ነው፣ ማር አንሶታል' ብዬ ሳልጨርስ ነው ራሴን የሳትኩት።"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። በር ላይ ቆማ የነበረችው አብሽ ሻጯ ዘሃራ "ማርስ አላሳነስሁም!" ብላ ጮኸች፤ ሳቁ ባሰ።

"ማሽኑ ምን አለ?"

"'ያልታወቀ ፈሳሽ' አለ። ከዚያ ሆዴን ከፈቱት።" ሸሚዙን ገልጦ አሳያቸው። ከእምብርቱ በላይ የተሰፋው ቁስል ገና ቀይ ነው።

ትርንጎ አልሳቀችም። ባህሩን አስቀመጠችና ለካችው። ግራ ሃያ፣ ቀኝ አሥር። ደረቅ።

"ዛሬ ምን ጠጥተሃል?" አለችው።

"ምንም። አፌ ራሱ ደርቋል። ምነው?"

ከክረምት ወዲህ በእጇ ያለፉትን ርጥቦች ታስታውስ ጀመር፤ ስማቸውን ሳይሆን ጀርባቸውን። ሰፊውን፣ ጠይሙን፣ ኪንታሮት ያለበትን። ሁሉም ግራ ነበሩ። አንድ ብርጭቆ የቀመሰ ያልፋል፤ ጆግ የገለበጠ ይያዛል። እጇ ላይ ያለው ቅባት እስኪደርቅ ቆማ ቀረች። ከሰልፉ አንዱ "እህት፣ ቆመሽ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?" አላት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ውድነሽ ደረሱ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ነርስ ነበሩ። ጡረተኛም ቢሆን ሰኞ ይለካል። ዱላቸውን ለግድግዳው አስደግፈው ሲቀመጡ ትርንጎ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች።

"ሲስተር፣ ጨጓራ ግራ ነው ቀኝ?"

"ግራ ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ስትይዢ ኖረሽ…"

"መያዝ እንጂ፣ ምን እንደያዝኩ ማን ነገረኝ!"

ሲስተር ዞር ብለው አዩዋት። ድምፁ "ትንፋሽዎን ይያዙ" አላቸው፤ እሳቸው ግን አውርተው ነው የጨረሱት። "በኛ ጊዜ ሥዕል ነበረ። ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጨጓራም በፈሳሽ ሲሞላ ጥቁር ነው። ደረትን ከሆድ የሚለይ አንድ ነጭ መስመር አለ፤ ጥቁሩ ከመስመሩ በላይ ከሆነ የሳንባ ዙሪያ ውሃ ነው፣ በታች ከሆነ ቁርስ ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ተሳስቼ ሰው ፊት ተቆጥተውኛል። ምነው፣ ምን ሆነሻል?"

ትርንጎ መዳሰሻውን አስቀምጣ ሮጠች። ሰልፉ አጉረመረመ። የጎን ክፍሉን በር ስትከፍት ጋሼ ይማም ዘሃራ በመስኮት ያቀበለቻቸውን ብርጭቆ አፋቸው ላይ አድርሰውታል። ነጠቀቻቸው። አብሹ ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ።

"ምን ነካሽ?"

"አይጠጡት! ውሃው ደረትዎ ላይ አይደለም ጋሼ፣ ሆድዎ ውስጥ ነው። እኔ ነኝ ያስጠጣሁዎ። ባህሩን የወጉት ጨጓራውን ነው።"

ጋሼ ይማም ሱሪያቸውን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። "ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸዋ!"

"ለማን?"

ይህን ሁለቱም አላሰቡትም ነበር። በጣቢያው ውስጥ ለሰው የሚነገርበት ቦታ የለም። አንድ ሰው በሳምንት አንዴ ይለካል፤ ልኬት የሚደገመው ያዡ "የያዥ ስህተት" የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲያስመዘግብ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ያዥ ይሰናበታል። ትርንጎ ሁለት አላት፤ አንዱ እጇ የተንቀጠቀጠ ቀን፣ ሌላው ያስነጠሳት ቀን።

"ሆድዎ እስኪጎድል እንጠብቅ። ከመኪናዋ በፊት ደግሜ እለካዎታለሁ" አለች። የቀረውን አልነገረቻቸውም።

ሲስተር ውድነሽ ዱላቸውን እየጎተቱ ተከትለዋት መጥተው ነበር። "ዞር በል እስቲ ይማም" አሉ። ግራ መዳፋቸውን በጋሼ ይማም ጀርባ ላይ ዘርግተው፣ በቀኝ እጃቸው የመሃል ጣት የራሳቸውን ጣት ይመቱ ጀመር። ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ግራው ላይ ድምፁ ክፍት ነበር፣ ከበሮ የመሰለ። "አየሽ? አየር ነው። እስከ ታች አየር ነው።" ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ከትከሻው አጥንት ጫፍ ጀምሮ ድምፁ ሞተ፤ ድፍን ግድግዳ የሚያንኳኩ ይመስል ነበር። ሲስተር እጃቸውን መልሰው ከላይ ጀመሩ። እዚያው ሲደርሱ እንደገና ሞተ።

"ይማም፣ ስትተኛ በየት ጎንህ ነው?"

ጋሼ ይማም ሸሚዛቸውን ለመልበስ እጃቸውን ዘረጉ።

"አንተን እኮ ነው።"

"በቀኝ። በግራ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ካለፈው ሰኞ ወዲህ። ሳሉ ግን ከረመዳን ነው።"

"ያልብሃል?"

"አንሶላው ይጨመቃል። ቀበቶዬንም ሁለት ቀዳዳ ገባ አድርጌዋለሁ። ይበቃል ሲስተር? ወይስ ሌላም ልናዘዝ?"

ሲስተር እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ ይመስለኛል። ውሃው ወጥቶ ይመርመር። ከሆነ የስድስት ወር መድኃኒት ነው፣ ትድናለህ። ችላ ካልከው ግን ሳንባው እዚያው ይጣበቅና ኋላ የሚያላቅቀው አይገኝም።" ይህን ብለው ወንበር ፍለጋ ወጡ።

ጋሼ ይማም ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ተቀመጡ። በር ላይ ባህሩ ነገሩን ሰምቶ ለሰልፉ ሲያስረዳ ይሰማል፦ "ከልኬቱ በኋላ ጠጡ ነው የምላችሁ! በፊት የጠጣ፣ ሆዱን እንደኔ ያሰፋል!" ዘሃራ ትሰድበዋለች፤ ሰው ይስቃል፤ ግን ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡም ይሰማል።

"ትርንጎዬ" አሉ ጋሼ ይማም፣ ዝግ ብለው። "ስትደግሚልኝ ቀኙን ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ ያዥልኝ።"

ያዦች ሁሉ የሚያውቁት፣ አንዱም ለሌላው የማይናገረው ነገር ይህ ነው። የተቀመጠ ሰው ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ጣት ከፍ ካለ መዳሰሻው የሚያገኘው አየር ያለበትን ሳንባ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል።

"አንድ ዓመት ነው የቀረኝ" አሉ። "ሰመራን አልፈን ትንሽ ስንሄድ ፀሐይ ትወጣለች። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው፣ መጨረሻ የለውም። ባቡሩ አያየውም። ሰው ቢኖርበት ባይኖርበት ግድ የለውም። የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ቤት ስገባማ ምን አለ? ባለቤቴም ከሞተች አሥር ዓመቷ፤ ግድግዳ ነው የሚቀበለኝ። ዓመቱን ልጨርስና ከዚያ እቀዳለሁ። ቃሌ ነው።"

አብሹን ያስጠጣቻቸው እሷ ናት፤ እምቢ የማለት አቅም ከየት ታምጣ? ተመልሳ የሰልፉን ጀርባ ሁሉ ለካች። ስድስት ሰዓት ላይ ሰልፉ አለቀ። ምሳ አልበላችም።

ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ጠርታቸው ቁልፉን ተጫነች።

"ሦስተኛ የያዥ ስህተት ነው" አለ ድምፁ። "ልኬቱ ሲጸድቅ አገልግሎትዎ ያበቃል። ይቀጥላሉ?"

ጋሼ ይማም ከወንበሩ ተነሡ። "ምን አለ? ያበቃል አለ እንዴ?"

"ይቀመጡ ጋሼ።"

"አንቺ፣ ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎት ይቀመጡልኝ ነበር?" ከዚያ ለማሽኑ "እቀጥላለሁ" አለች።

ስህተት ሲመዘገብ፣ ያዡ ጥፋቱን አይቶ እንዲያምን ማሽኑ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ለሰባት ደቂቃ ይከፍታል። ትርንጎ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ያኔ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነበር። ዛሬ ሲስተር ውድነሽ ከኋላዋ ቆመዋል።

"ደረትን ከሆድ የሚለየው መስመር ያ ብልጭ ያለው ቅስት ነው። አሁን ተንፍስ በል ይማም። አየሽ? ሳንባው እንደ መጋረጃ ወርዶ ይሸፍነዋል፣ ይመለሳል። ንጹሕ ነው። ከሥር ያለችው ጥቁር ነገር የዘሃራ አብሽ ናት፣ የቀረችው።"

"ግራ፣ ሠላሳ። ደረቅ" አለ ድምፁ።

ወደ ቀኝ ተሻገረች። እጇ ሳታዘው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አረፈ። ሥዕሉ ግራጫ ሆነ፣ ግራጫ መስመር በግራጫ መስመር ላይ። ዜሮ። አረንጓዴው መብራት ይርገበገባል።

"ያጸድቃሉ?"

"አጽድቂው" አሉ ጋሼ ይማም፣ ግንባራቸውን መደገፊያው ላይ ደፍተው። "እግዜር ይስጥሽ።"

የትርንጎ አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። ብትጫነው እሷ ትባረራለች፣ እሳቸው ሐሙስ ይሳፈራሉ። ጀርባቸውን አየች። ዘጠኝ ዓመት የምታውቀው ጀርባ ነው።

"ጋሼ፣ ዞር ብለው ይዩ።"

"ምኑን?"

"ብቻ ዞር ይበሉ።"

አንገታቸውን በትከሻቸው ላይ አዙረው ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። ትርንጎ መዳሰሻውን ሁለት ጣት ዝቅ አደረገችው።

ሥዕሉ ጠቆረ። ግማሽ ግድግዳ ያህል ጥቁር ነገር፣ ዳርቻው የጠራ፣ ያለ አንድ ድምፅ። መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ነገር ይወዛወዛል፤ ቦርከና ዳር የታጠበ ጨርቅ ከእጅ አምልጦ ውሃው ሲያገላብጠው እንደሚታየው።

ጋሼ ይማም አንገታቸውን ይበልጥ አዙረው አዩት።

"ያ የሚወዛወዘው ምንድን ነው?"

"ሳንባህ ነው" አሉ ሲስተር።

"ይዋኛል እንዴ?"

"አይዋኝም። ልትተነፍስበት ስትሞክር ነው እንዲህ የሚሆነው።"

ሳላቸው መጣ። በግድግዳው ላይ ያቺ ጨርቅ ተንቀጠቀጠች፣ ተጣጠፈች፣ ተመልሳ ተንሳፈፈች። ጋሼ ይማም ሳላቸውን በእጃቸው ሊያፍኑ ሞከሩ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለዚያች ጨርቅ ያዘኑ ይመስል።

ትርንጎ መዳሰሻውን መልሳ ከፍ አደረገችው። ግራጫ፣ ዜሮ፣ አረንጓዴ። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

"የርስዎ ነው ጋሼ። ያሉኝን እይዛለሁ። የትኛው ይሁን?"

ውጭ የመኪናዋ በር ሲከፈት ተሰማ። ጋሼ ይማም መደገፊያውን ለቀው በመዳፋቸው ቀኝ ጎናቸውን ያዙ፣ ያመመውን ልጅ እንደሚይዝ ሰው።

"ዝቅ አድርጊው" አሉ።

"ቀኝ፣ አምስት መቶ ሠላሳ። ርጥብ። ያጸድቃሉ?"

አጸደቀች። ድምፁ ስለ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ አመሰገናትና መዳሰሻውን ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጥ ጠየቃት። አስቀመጠች። ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፤ ሲስተር ጣታቸውን ባሳረፉበት ቦታ፣ በጋሼ ይማም ቀኝ ጎን ላይ ክብ ሠራች። በክቡ ውስጥ "እዚህ" ብላ ጻፈች። ቅባቱ ስላለ ቀለሙ በሦስተኛው ሙከራ ነው የያዘው።

መኪናዋ ለአንድ ታማሚ አንድ አስታማሚ ትፈቅዳለች። ትርንጎ ማንም ሳይጠይቃት ገባች። ሽቅብ ሲወጡ ብርድ ሆነ፤ ሁለቱም ብዙ አላወሩም። አንዴ ብቻ ጋሼ ይማም "ነገ ምን ትሠሪያለሽ?" አሏት፤ "እተኛለሁ" አለች፤ "ከነገ ወዲያስ?" አሏት፤ "ኧረ ተዉኝ ጋሼ!" አለች፣ ሁለቱም ሳቁ።

መቅጃ ቤቱ ነጭ ነው፣ ሰው የለበትም። የሚይዝ የማሽን ክንድ አለ፣ የሚወጋ ክንድ አለ። ጋሼ ይማም ተቀመጡ። የሚወጋው ክንድ መጀመሪያ ወደ ግራ ዞረ፤ የጠዋቱ ቁጥር ከመዝገቡ አልጠፋም ነበር። ትርንጎ ብድግ አለች። ክንዱ ቆመ፣ አዲሱን አነበበ፣ ወደ ቀኝ መጣ። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቢወስድ ነው። ከክቡ ግማሽ ጣት ዝቅ ብሎ ገባ።

በቀጭኑ ቱቦ የወረደው ውሃ የቀጭን ሻይ መልክ ነበረው፣ የጠራ። ጠርሙሱ ሲሞላ ጋሼ ይማም ያስላቸው ጀመር፤ ድምፁ "ሳንባው እየተዘረጋ ነው፣ ይታገሡ" አለ። የትርንጎን እጅ እስኪያማት ጨበጡት። መርፌው ወጣ። ሳሉ ቀስ በቀስ ተወ።

ከዚያ ተነፈሱ። ትንፋሹ መሃል ላይ ሲደርስ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ታየ፤ እዚህ ላይ ያልቃል ብለው የለመዱት ቦታ ነበር። አላለቀም። ደረታቸው ከፍ አለ፣ ገና ከፍ አለ፣ ትከሻቸው ተነሣ።

"ትርንጎ" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። "ይሄ ሁሉ አየር የት ነበር?"